አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ሲጻፍ፦ የአንድ ጥራዝ የአርትዖት ጉዳይ ጥናት

ስለዚህ ጽሑፍ

አንድ ደራሲ ግጥሞቹን፣ አጫጭር ልብ ወለዶቹንና በሚያውቃቸው ሰዎች ላይ የጻፋቸውን ትረካዎች በአንድ ጥራዝ ለማሳተም አስቦ ረቂቁን አመጣልኝ። አንድ ዓመት ተኩል ገደማ አብረን ሠራን። ካረምኳቸው ረቂቆች መካከል ይህንን ለይቼ የምመዘግበው ከሌሎቹ ስለሚበልጥ አይደለም። ሦስቱ ዘርፎች ለየብቻ ሲነበቡ ደህና የሆኑ፣ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን አንዱ የሌላውን ምሥጢር የሚያወጣ መሆኑን ያየሁት በዚህ ሥራ ላይ ስለሆነ ነው።

የማንም ስም አይጠቀስም። ከዚህ በታች የሚነሱትን አዛውንት የሥራ መስካቸውንና ልማዶቻቸውን ተቀራራቢ በሆነ ሌላ ለውጫለሁ። ደራሲውም ግጥሙን በተለወጠው ልማድ ልክ ለዚህ ጽሑፍ ሲል መልሶ ጽፎልኛል። አዛውንቱ ራሳቸው ጉዳዩ እንዲጻፍ የፈቀዱት በዚህ ውል ነው። ይህን ያህል ጥንቃቄ ለምን እንዳስፈለገ ወደ ኋላ ላይ ግልጽ ይሆናል።

ደራሲውና ረቂቁ

ደራሲው ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ በሒሳብ ሥራ የሚተዳደር ሰው ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ጽፏል፤ ያሳተመው ግን ጥቂት ነው። ያመጣልኝ ረቂቅ 61 ግጥሞች፣ 11 አጫጭር ልብ ወለዶችና እሱ «የሰው ሥዕል» የሚላቸው 9 ትረካዎች ነበሩበት። የሰው ሥዕሎቹ እውነተኛ ሰዎችን በስማቸው ወይም በሚታወቁበት መጠሪያ እየጠሩ የሚያሳዩ፣ ከስምንት እስከ አሥራ አምስት ገጽ የሚሆኑ ጽሑፎች ናቸው። የሕይወት ታሪክ አይደሉም፤ የት ተወለዱ፣ መቼ ተዳሩ የሚል ነገር የላቸውም። ሰውየው በር ሲከፍት፣ ሒሳብ ሲከራከር፣ ሲያስነጥስ ነው የሚታየው።

አንድን ነገር በየትኛው ዘርፍ እንደሚጽፈው በምን እንደሚወስን ስጠይቀው የሰጠኝ መልስ አሳቀኝ፤ በኋላ ግን የችግሩ ምንጭ እሱው ሆኖ ተገኘ። «ጊዜው ነው የሚወስንልኝ» አለ። «ከእንቅልፍ በፊት አንድ ሰዓት ካለኝ ግጥም ይሆናል። እሑድ ሙሉውን ካገኘሁ ልብ ወለድ። ዕረፍት ከወጣሁ የሰው ሥዕል።» ስለዚህም አንድ ያየው ነገር በሌሊት ግጥም፣ በእሑድ ልብ ወለድ፣ በዓመት ዕረፍቱ ደግሞ የሰው ሥዕል ሆኖ ሊጻፍ ይችል ነበር። መድገሙን እንኳን ልብ አይልም፤ በመካከሉ ዓመታት ያልፋሉ።

መጀመሪያ ችግር ብዬ የያዝኩት

መጀመሪያ የተጣበቅሁት ግጥሞቹ ላይ ነበር። አብዛኞቹ በወል ቤት የተጻፉ ናቸው፤ ስንኙ አሥራ ሁለት ቀለም ሆኖ መሐሉ ላይ ስድስት በስድስት የሚከፈለው፣ ጆሯችን ከሁሉም በላይ የለመደው ምጣኔ። ቀለም የሚቆጠረው በድምፅ እንጂ በፊደል አይደለም፤ «ደብተር» አራት ፊደል ቢሆንም ሁለት ቀለም ነው። ይህን ደራሲው ከእኔ በተሻለ ያውቃል። ግጥሞቹን ጠረጴዛ እየመታሁ ጮክ ብዬ ሳነባቸው አንድም ስንኝ አልተሰበረም። ነገር ግን ምጣኔው የሚሞላው በ«ደግሞ»፣ በ«እኮ» እና በ«ያኔ» ነበር። ሐሳቡ አራት ቀለም ላይ ያልቅና ሁለቱ በጥሩ ሁኔታ የታሸገ ጭድ ይሆናሉ።

ቆረጥን። ከ61ዱ 27 ቀሩ። ሁለቱን ከወል ቤት አውጥቶ አራት በአራት ወደሚሄደው ወደ ቡሄ በሉ ሲያዛውራቸው ጭዱ በራሱ ረገፈ። እኔም ሥራው እየተጠናቀቀ መሰለኝ፤ የቀረው የፊደልና የሥርዓተ ነጥብ እርማት ነው ብዬ ለራሴ ቀን ቆርጬ ነበር።

አራት የአክብሮት ግሶች

ከልብ ወለዶቹ አንዱ በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ የሚካሄድ ታሪክ ነው። የዓመት መጨረሻ የንብረት ቆጠራ ይደረጋል፤ አሥራ ሁለት የመኪና ጎማ ይጎድላል፤ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ይጠየቃል፤ ይዋሻል። ውሸቱ የሚታወቀው በአንድ ልማዱ ነው። ረቂቁ እንዲህ ይላል፦

«ቆጣሪዋ ‹አሥራ ሁለቱ ጎማ የት ሄደ?› ስትለው የኮቱን ገበር ገልብጦ መነጽሩን ጠረገ። ‹ወጪ ተደርጓል› አሉ።»

ገጸ ባሕርዩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «እሱ» ነው። ጠረገ፣ ቆመ፣ ዝም አለ። በአራት ቦታዎች ግን «አሉ»፣ «መነጽራቸውን»፣ «ተቀመጡ»፣ «ደከማቸው» ይላል። መጀመሪያ የሰዋስው ስህተት መስሎኝ በቀይ አሰመርኩበት። ሁለተኛውንም አሰመርኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። አማርኛ ስለ አንድ ሰው እንድናወራ የሚፈቅድልን መጀመሪያ አንተ ነው ወይስ አንቱ የሚለውን ከወሰንን በኋላ ነው። ደራሲው «አንተ» ብሎ ወስኗል፤ እጁ ግን እምቢ ብሏል። ያልነበረን ሰው ማንም ተሳስቶ አንቱ አይለውም።

ደወልኩለትና «ይህ ሰውዬ ማነው?» አልኩት። «ማንም አይደለም፤ የፈጠርኩት ነው» አለ። አራቱን ቦታዎች አነበብኩለት። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «ጋሼ ናቸው» አለኝ።

«ጋሼ» የሚላቸው ሰው በዚያው ጥራዝ ውስጥ፣ አምስተኛው የሰው ሥዕል ናቸው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቃቸው፣ በንብረት ክፍል ኃላፊነት ሠርተው ጡረታ የወጡ አዛውንት። ያንን ትረካ አውጥቼ ከልብ ወለዱ ጎን አስቀመጥኩት፦

«ጥያቄ ሲቀርብላቸው አይቸኩሉም። የኮታቸውን ገበር ገልብጠው መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ይጠርጋሉ፤ መልሱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ እንደሳቸው አስቦ ቢናገር ግማሹ ጠብ ባልተነሣ ነበር።»

ግጥሞቹንም ስፈትሽ ያው ገበርና ያው መነጽር በአንድ የ34 ስንኝ ግጥም ውስጥ ተገኘ። እዚያ የእርጅና ምልክት ነው። ሦስቱን በተለያየ ወር ስላነበብኳቸው እኔም አላስተዋልኩም ነበር። በመጽሐፍ መልክ ሲቀርቡ ግን በአንድ ቀን ምሽት ነው የሚነበቡት። አንባቢው የሰው ሥዕሉን እውነት ነው ብሎ ይቀበላል፤ ተብሎ ተነግሮታልና። ከዚያ ልብ ወለዱ ላይ ያንኑ ምልክት ሲያገኝ ቁልፉ በእጁ ነው። የሚደርስበት ድምዳሜም አንድ ብቻ ነው፦ እኒህ ሰውዬ ጎማውን ወስደዋል።

ደራሲው አዛውንቱን እንደ አባት ነው የሚያያቸው። በሕይወታቸው ከመሥሪያ ቤት አንድ ቡሎን ይዘው እንዳልወጡም ያውቃል። ልብ ወለዱን ሲጽፍ የወሰደው ምልክቱን ብቻ እንጂ ሰውየውን አልመሰለውም ነበር።

ሥጋቱን መፈተሽ

ነገሩን አግንኜው እንደሆነ ለማወቅ ረቂቁን ደራሲውንም አዛውንቱንም ለማያውቁ ሦስት አንባቢዎች ሰጠሁ። ጥያቄዬ «እንዴት ነው?» የሚል አልነበረም፤ እንዲህ ሲባል ሰው ደግነቱ ይመጣበታል። «ከልብ ወለዶቹ ውስጥ በእውነት ያለ ሰው የሚመስልህ ማነው?» ብቻ ነበር። ሦስቱም የንብረት ክፍሉን ኃላፊ ጠቆሙ። አንዷ ከዚያ አልፋ «ጎማዎቹን በእርግጥ ወስደዋቸው ነበር እንዴ?» አለችኝ። በልብ ወለዱ ውስጥ «እሱ» የተባለውን ሰው እሷም «እሳቸው» ብላ ነው የጠየቀችኝ።

ደራሲው መጀመሪያ ያቀረበው መፍትሔ የተለመደው ማሳሰቢያ ነበር፦ «በዚህ መጽሐፍ ያሉ ገጸ ባሕርያት ሁሉ ምናባዊ ናቸው።» ለዚህ ጥራዝ አይሠራም፤ መጽሐፉ ሲሦው እውነተኛ ሰዎች ናቸው እያለ ገጽ ሁለት ላይ ሁሉም ምናባዊ ናቸው ሊል አይችልም። «ከልብ ወለዱ ክፍል ያሉት ብቻ» ብለን ብናጠበውም ማሳሰቢያ የገባን ጥርጣሬ አያወጣም። ሕጉም አለ፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2044 በሕይወት ያለን ሰው በንግግርም ሆነ በጽሑፍ የተጠላ፣ የተናቀ ወይም መሳቂያ አድርጎ ስሙን አደጋ ላይ መጣልን የስም ማጥፋት ድርጊት ይለዋል። እውነቱን ለመናገር ግን ያስጨነቀን ሕጉ አልነበረም። አዛውንቱ መጽሐፉን ማንበባቸው አይቀርም ነበር።

የሞከርነው

መጀመሪያ የገጸ ባሕርዩን ስምና ሥራ ለወጥን። የንብረት ክፍሉ ቤተ መጻሕፍት ሆነ፤ ጎማዎቹ መጻሕፍት ሆኑ። ከሦስቱ አንባቢዎች ሁለቱ አሁንም ለዩት። ስምና ሥራ ሰው የሚታወቅበት ነገር እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ጎረቤታችንን ከሩቅ የምንለየው በአረማመዱ ነው፤ መታወቂያውን ጠይቀን አይደለም።

ቀጥለን ገጸ ባሕርዩን ሴት አደረግነው። ይህ ከመጀመሪያውም የከፋ ነበር። ምልክቱ አልገጥም አላት፤ ንግግሩም የሰውየው እንደሆነ ቀረ። ታሪኩ የተዋሰውን ልብስ እንደ ለበሰ ሰው ሆነ። ሁለት ሳምንት አባከንን።

የሠራው ሦስተኛው ነው፤ ሐሳቡ የእኔ ቢሆንም መልክ የሰጠው የደራሲው ሙያ ነው። በጥራዙ ውስጥ ያሉትን ከሕይወት የተወሰዱ ዝርዝሮች ሁሉ እንዲመዘግብ ጠየቅሁት፦ ልማድ፣ አነጋገር፣ ጠባሳ፣ ልብስ፣ አሳሳቅ፣ የቤት ዕቃ። የሒሳብ ሰው ስለሆነ ዓምድ አሰመረለት። «ገቢ» በሚለው ሥር ዝርዝሩ ከማን እንደተወሰደ፣ «ወጪ» በሚለው ሥር በየትኛው ጽሑፍ እንደዋለ። ከመቶ በላይ ዝርዝር ወጣ። አሥራ ዘጠኙ ከአንድ በላይ ቦታ ውለዋል። ደብተሩን ሲያሳየኝ ፊቱ ላይ እፍረት ነበር። «አንድ ሰነድ ሁለት ጊዜ አይወራረድም» አለኝ፤ በእነሱ ሙያ ይህ ከማጭበርበር የሚቆጠር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሥራችን ደንብ ይህ ሆነ። አንድ ዝርዝር የሚውለው በአንድ ጽሑፍ ብቻ ነው።

የቀረው የመነጽሩ ነገር የት ይዋል የሚለው ነበር። ደራሲው ለሰው ሥዕሉ አለ፤ የእሳቸው ነውና። እኔም ተስማማሁ። ሁለታችንም ተሳስተናል።

ንባቡ

ትረካውን ለአዛውንቱ እናንብብላቸው ተባብለን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድን። ደራሲው ወረቀቶቹን ሲያወጣ «እስቲ አምጣው» ብለው ተቀበሉት። ቅጠሎቹን በአውራ ጣታቸው ቆጠሩ። የመጨረሻውን ገልብጠው ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡና ጀርባው ላይ ቀኑን ጻፉ፤ ከሥሩም «9 ቅጠል ገቢ»። ከዚያ መልሰው ሰጡትና «አንብብ» አሉ።

ዝም ብለው አዳመጡ፤ ሁለት ቦታ ሳቁ። የመነጽሩ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ይቺ ትክክል አይደለችም።»

«ጋሼ፣ ሁልጊዜ ያደርጉታል እኮ። ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼዎታለሁ።»

«ማድረጉንስ አደርገዋለሁ። ለማሰብ ነው ያልከው ነው ትክክል ያልሆነው። ግራ ጆሮዬ አይሰማም፣ ልጄ። ሰው ሲያናግረኝ ከንፈሩን ማየት አለብኝ። መነጽሬ ከደበዘዘ ቃሉ ያመልጠኛል።»

ደራሲው አርባ ዓመት ያህል የሚያውቃቸው ሰው ነው፤ ይህንን አያውቅም ነበር። መሥሪያ ቤታቸውም አላወቀም። «የማይሰማ ሰው ቁልፍ አይዝም ይሉኛል ብዬ ነው» አሉ። እንግዲህ በአንዱ ጽሑፍ ብልኅነት፣ በሌላው ውሸት፣ በሦስተኛው እርጅና አድርገን የተረጎምነው ነገር አንድ ሰው እንጀራውን ለማቆየት የደበቀው ደካማ ጆሮ ነበር።

«ይህ ይጻፍ?» አለ ደራሲው።

«አይጻፍ» አሉ። ለስለስ ብለው ነው ያሉት፤ ግን ሁለተኛ የሚጠየቅ አልነበረም።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ የተከራከርነው ለእኔ የዚህ ጉዳይ ዋናው ክፍል ነው። ደራሲው «እንግዲያው ልማዱን ብቻ ልተወው፣ ትርጓሜውን ላውጣ» አለ። ምክንያቱን እያወቀ፣ አንባቢው ግን «አስተዋይ ሰው» ብሎ እንደሚተረጉመው እያወቀ ማስቀመጥ ነው ይህ። በሰው ሥዕል ውስጥ ይህ ውሸት ነው አልኩት። ያ ዘርፍ ከአንባቢ ጋር የገባው ውል «ይህ ሰው እንዲህ ነው» የሚል ስለሆነ ዝምታውም ይመሰክራል። እውነቱን መጻፍ ተከልክለናል፣ ግማሹን መጻፍ ደግሞ አንችልም፤ ስለዚህ ከትረካው መውጣት አለበት። ከልብ ወለዱም ቀድሞ ወጥቷል። የቀረው ግጥም ነው። ግጥሙ የማንንም ስም አይጠራም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምክንያት አይጠየቅም። ልማዱን አሳይቶ ዝም ማለት ይችላል፤ ዝምታውን የሚቆጥርበት የለም።

ደራሲው 34ቱን ስንኝ ጣለና አራት ጻፈ፦

ጥያቄው ሲጠብቅ ከደጁ ላይ ቆሞ፣
መነጽር ይጠርጋል ከመልሱ ፊት ቀድሞ፤
ጨርቁ ሥራ ፈታ፣ መነጽሩም ጠራ፣
ጥያቄው ሄደ እንጂ መልሱ መች ተጠራ።

«ጠራ» እና «ተጠራ» የሚጫወቱትን ተመልከቱ። የጠራው መስታወት ነው፤ ያልተጠራው መልሱ። በ34 ስንኝ ያልወጣው ነገር እዚህ ወጥቷል፤ ጭድም የለበትም። «ፊት ቀድሞ» ላይ ትንሽ ይጎረብጠኛል፤ እሱ ግን አልነካም አለ፤ መብቱ ነው።

የሰው ሥዕሉ ላይ የተፈጠረውን ቀዳዳ የሞሉት አዛውንቱ ራሳቸው ናቸው። ደራሲው በወረቀቱ ጀርባ የጻፉትን ቀን አልረሳውም። ለሁለተኛ ጊዜ ሲሄድ ዓይኑን ከፍቶ ሄደ። የመጥረጊያው እጀታ ላይ ቀን ተጽፏል። የግድግዳ ሰዓቱ ጀርባ ላይ ቀን አለ። አምፖሉ ላይ፣ ከብረቱ በላይ ባለችው ነጭ ዙሪያ፣ በቀጭን እስክሪብቶ ቀን ተጽፏል፤ ሲቃጠል አውርደው ስንት ወር እንዳገለገለ ያሰላሉ። ጡረታ ወጥተው እንኳን ቤታቸው ንብረት ክፍል ነው። ይህን ሲያነብላቸው ተደሰቱ፤ አንድ እርማት ብቻ ሰጡ። «ገቢው በሞዴል 19 ነው፣ ወጪው በሞዴል 22። ገልብጠኸዋል።» ከመነጽሩ ይልቅ ይህ ዝርዝር እሳቸውን ይመስላል። መነጽሩ ስለነበረ ደራሲው ሌላ ለመፈለግ ምክንያት አልነበረውም።

ልብ ወለዱ

ምልክቱ ሲወጣ ልብ ወለዱ ፈረሰ። መፍረሱ ግን ትምህርት ሆነን። ሰውየው ጎማውን ለምን ወሰደ? ረቂቁ መልስ አልነበረውም፤ ደራሲው ራሱም ጠይቆት አያውቅም። ያ መነጽር የሚጠርገው ሰው በጣም ሕያው ስለነበር፣ ምንም ሳይፈልግና ምንም ሳይፈራ ገጹን ሞልቶ ይራመዳል። አንባቢ ሰውየውን እያየ ታሪክ እንዳነበበ ይሰማዋል። ከእውነተኛ ሰው የተወሰደ ምልክት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ሥራ ይሸፍናል፤ ሴራ የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ተቀምጦ ቦታው የተያዘ ያስመስላል።

ሦስት ጊዜ መልሶ ጻፈው። በመጀመሪያው ለኃላፊው የታመመ ልጅ ሰጠው፤ ሕመም በልብ ወለድ ውስጥ ርካሽ ምክንያት ነው፣ ጣልነው። በሁለተኛው ዕዳ ሰጠው፤ እሱም ያው። በሦስተኛው አንጻሩን ወደ ቆጣሪዋ አዞረው። ጉድለቱን የምታገኘው እሷ ናት፤ የወጪ ሰነዱን ስታገላብጥ ከሥሩ ያለው የራሷ ፊርማ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሳታነብ የፈረመችው። ኃላፊው ከአንድ ገጽ ያነሰ ቦታ ይዞ ቀረ፤ መልክም የለው። አሁን በታሪኩ ውስጥ የሚፈለግ ነገር አለ፤ የሚፈራም አለ። ለሦስቱ አንባቢዎች ያንኑ ጥያቄ መልሼ ሳቀርብ ከዚህ ልብ ወለድ ማንንም አልጠቆሙም።

ያልተሳካው

ከዘጠኙ የሰው ሥዕሎች ሰባቱ ታተሙ። አንዱን ደራሲው ራሱ ደካማ ነው ብሎ ተወው። ሌላው ስለ አንዲት መምህርት የተጻፈ ሲሆን፣ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነበር። የጠፋውም በእኔ ምክር ነው።

መምህሯ ርቀው ስለሚኖሩ ጽሑፉን በስልክ እንዲልክላቸው ነገርኩት። ላከላቸው። በማግስቱ «እንዳይወጣ» የሚል ሁለት ቃል የማይሞላ መልስ መጣ። ደወለ፤ አላነሡም። በኋላ በሌላ ሰው በኩል የሰማነው፣ ጽሑፉ የደረሳቸው ሰው በተሰበሰበበት ቤት እንደነበረና ልጃቸው ስልኩን ተቀብላ ጮክ ብላ እንዳነበበችው ነው። ለአዛውንቱ ፊት ለፊት ስናነብ እጃቸውን የሚያነሡበት ዕድል ነበራቸው። ለእሳቸው ያንን ነፈግናቸው።

ደራሲው ተናድዶ ትረካውን ወደ ግጥም ልለውጠው ብሎ ሞከረ። አዛውንቱ ላይ የሠራው እዚህ አልሠራም። የመነጽሩ ልማድ ለሺህ ሰው ሊሆን ይችላል፤ የመምህሯ ነገር ግን በአንድ የሕይወት አጋጣሚ የታሰረ ስለሆነ በስንኝም ቢሆን እሳቸው ናቸው። እምቢ ያለን ሰው በሌላ በር ማስገባት ነው አልኩት። ግጥሙንም ተወው፤ ለሦስት ሳምንት ግን አልደወለልኝም።

በአቀማመጥ ላይም አንድ የከሸፈ ሙከራ አለ። ሦስቱን ዘርፎች አቀላቅሎ በጭብጥ ማሰለፍ መጀመሪያ ማራኪ መስሎኝ ነበር። እንዲህ ሲሰለፉ የአንዱን ጥላ በሌላው ላይ የመጣል ነገር ከዝርዝር ደብተሩም በኋላ ቀጠለ። ግጥሞቹ መጀመሪያ፣ ልብ ወለዶቹ መካከል፣ የሰው ሥዕሎቹ መጨረሻ ላይ ሆኑ። አንባቢ እውነተኞቹን ሰዎች ከማግኘቱ በፊት ልብ ወለዶቹን በራሳቸው እግር እንዲያነባቸው ነው።

ለሌላ ሥራ የሚተርፈው

ከአንድ በላይ ዘርፍ የሚጽፍ ሰው ጥራዝ ሲያዘጋጅ ጽሑፎቹን አንድ በአንድ ማረም አይበቃም። ሁሉንም በአንድ ተቀምጦ፣ አንባቢ በሚያነብበት ፍጥነት ማንበብ ያስፈልጋል። እኔ ይህንን ያደረግሁት በስምንተኛው ወር ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ማድረግ ነበረብኝ።

የአክብሮት መጠሪያ መዛነፍን እንደ እርማት ብቻ አትዩት። በ«አለ» መካከል የገባች «አሉ»፣ በ«እሷ» መካከል የገባች «እሳቸው» ከየት እንደመጣች ደራሲውን ጠይቁት። በሌሎች ረቂቆች ላይ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አግኝቻታለሁ፤ በሁለቱም ከጀርባዋ እውነተኛ ሰው ነበረ። አንዴ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆኖ አየሁት፦ በሰው ሥዕል ውስጥ «እሳቸው» የተባሉ ሰው በአንድ አንቀጽ «እሱ» ሆኑ። ደራሲዋን ስጠይቃት ያ አንቀጽ የፈጠራ እንደሆነ ነገረችኝ።

የሰው ሥዕል ለባለቤቱ ይነበብ፤ ፊት ለፊት፣ ጮክ ተብሎ፣ ለማስፈቀድ ብቻ ሳይሆን ለማረምም። ከዘጠኙ በስድስቱ ላይ ባለቤቶቹ ስህተት አግኝተዋል። ሁሉም የአዛውንቱን ያህል ከባድ አይደሉም፤ አንዱ የጫማ ቁጥር ነበር። ነገር ግን በምናየው ልማድና በምንሰጠው ምክንያት መካከል ያለው ርቀት እንደዚህ ሰፊ መሆኑን ከዚህ በፊት ጠርጥሬው አላውቅም። ሲነበብላቸው እምቢ ሊሉ የሚችሉ ሰዎች መኖራቸውን አስቀድሞ ቆጥሮ፣ ጥራዙን በእነሱ ላይ አለመመሥረትም ያስፈልጋል።

የዝርዝር ደብተሩን ደራሲው እስካሁን ይዞታል። አሁን ያየውን መጀመሪያ «ገቢ» ላይ ይመዘግባል፤ በየትኛው ዘርፍ እንደሚጽፈው የሚወስነው ጊዜ ሲያገኝ ሳይሆን ምክንያቱን መናገር ይችል እንደሆነ ካወቀ በኋላ ነው ይላል። «ወጪ» የሚለው ዓምድ ባዶ የሆነባቸው ብዙ መስመሮች አሉ። መምህሯ ብቻቸውን አንድ ሙሉ ገጽ ይዘዋል፤ ከቀኑ በስተቀር ምንም አልተጻፈበትም።